የድሬዳዋ ጉድጓዶች፤ ከምድር ባቡር እስከ ናይትሬት

የአንድን ከተማ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሥራቹ ይነሣል፤ ከዚያም ወደ ሹማምንቱ፥ ወደ ጦርነቱና ወደ ንግዱ ይሻገራል። ሕዝቡ ከየት ቀድቶ እንደ ጠጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለ ድሬዳዋ የተጻፈውን ስንመለከትም የባቡሩ፥ የጉምሩኩና የነጋዴው ነገር በሰፊው ተነግሮ እናገኛለን፤ የውኃው ነገር ግን በመሐንዲሶችና በሥነ ምድር ሊቃውንት ጽሑፍ ውስጥ ተወስኖ ቀርቶአል። እኛም በዚህች አጭር ጥናት ሁለቱን አገናኝተን ለማየት ሞክረናል። ጥያቄአችን አንድ ነው፤ ከእግርዋ በታች ብዙ ውኃ ያላት ከተማ ያንን ውኃ ሳይታወቃት በገዛ እጅዋ ያበላሸችው እንዴት ነው?

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ፤ ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ መዘርጋት የጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ባቡሩን ያን ሁሉ ዳገት ማስወጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ኩባንያውን አስፈራው። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፥ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ቀረ። የመጀመሪያው ባቡር በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር እዚያ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ ግን አልጸናም፤ አገሬው የሚጠራበት ድሬዳዋ የሚለው አሸነፈ። አንዳንዶች ስሙን በኦሮምኛ «የመድኃኒት ሜዳ» ብለው ይፈቱታል፤ ሌሎች ደግሞ ከሶማሌው ከድር ጎሣ ጋር አያይዘው ጦር የተተከለበት ቦታ ማለት ነው ይላሉ። የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመፍረድ እዚህ ቦታው አይደለም፤ የመጀመሪያው ፍች ግን ስለ ውኃው ለሚያስብ ሰው ትንሽ የሚያሳዝን ነገር አለው።

ኩባንያው ከስሮ ሥራው ለጥቂት ዓመታት ስለ ቆመ፥ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ድሬዳዋ የመንገዱ ጫፍ ሆና ቆየች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፥ ወደ ሐረርና ወደ መሐል አገር በግመልና በበቅሎ ይጫናል። የባቡሩ ጋራዥም እዚያው ተሠራ። ከተማዪቱ በአንድ ጊዜ የሠራተኛ፥ የነጋዴና የመንገደኛ መናኸሪያ ሆነች።

እዚህ ላይ ስለ ውኃ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የዚያን ዘመን ሎኮሞቲቭ በእንፋሎት የሚሠራ ነበርና ከሰውም ከከብትም ይልቅ ውኃ ይጠጣ ነበር። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገር በረሃ ነው፤ ስለዚህ ውኃ የተገኘበት ሥፍራ ሁሉ ለባቡሩ ትልቅ ነገር ነበረ። ድሬዳዋ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበረች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከጀርባዋ የሐረርጌ ደጋ ቆሞላታል። በደጋው የዘነበው ከፊሉ በጎርፍ ይወርዳል፥ ከፊሉ ደግሞ በኖራ ድንጋዩና በአሸዋ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ከደቡብ ወደ ሰሜን በመሬት ውስጥ ይሄዳል። ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያመጣው አሸዋና ጠጠር ተነጥፎአል። እንዲህ ያለ መሬት ውኃ ለማጠራቀም እንደ ተሠራ ማሰሮ ይቆጠራል። ደቻቱ የተባለው ወንዝ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለ አሸዋ ከላይ ደርቆ ከሥር ውኃ እንደሚይዝ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ማሰሮው ግን ክዳን የለውም። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡንና ጎርፉን ፈጥኖ ወደ ውስጥ የሚያስገባ አሸዋ ከላዩ የተጣለበትን ሌላ ነገርም እንዲሁ ፈጥኖ ያስገባል። ጥቁር የሸክላ አፈር ቢሆን ኖሮ ብዙውን ነገር ይዞ ባስቀረ ነበር።

ከተማዪቱ በደቻቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሆና አደገች። በምዕራብ በኩል የምድር ባቡር ሰዎች ያቀዱት ከዚራ፥ ቀጥ ያለ መንገድና በመንገዱ ዳር ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ያሉት ሆኖ ተሠራ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ መጋላ በነጋዴው ፈቃድና አቅም እየተጠማዘዘ ሰፋ። ስለ ሁለቱ ሠፈሮች ልዩነት ብዙ ተብሎአል፤ አንዱ የፈረንጅ፥ ሌላው የአገሬው፤ አንዱ የታቀደ፥ ሌላው ያልታቀደ ይባላል። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ አንድ ነበሩ። በከዚራም ሆነ በመጋላ ፍሳሽን ሰብስቦ ከከተማ የሚያወጣ የቧንቧ መሥመር አልተዘረጋም። ባለ ቪላውም ባለ ጭቃ ቤቱም በግቢው ጉድጓድ አስቆፍሮ ተጠቀመ። መሐንዲሶቹ ጎዳናውን በክር ሲለኩ ከጎዳናው በታች ስለሚሆነው ነገር አላሰቡም ብንል የምንበድላቸው አይመስለንም።

በዚህ ግን የምንከስሰው ሰው የለም። ለጥቂት ሺህ ሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ መልካም ነገር ነው። በሜዳ ከመጸዳዳት ይሻላል፤ ዝንብንና ተቅማጥን ይቀንሳል፤ የጤና መኰንኖችም ሕዝቡ ጉድጓድ እንዲቆፍር ሲመክሩና ሲያስገድዱ የኖሩት ስለዚህ ነው። መልካሙ ምክር ጉዳት መሆን የጀመረው ሰው ሲበዛ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ፤ የጨርቃ ጨርቅ፥ የምግብና የሌላውም ፋብሪካ ከተማዪቱን የእንጀራ ፈላጊ ሁሉ መድረሻ አደረጋት። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በከተማዪቱ 164,851 ሰው ተገኘ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 233,224 ሆነ። ይህ ሁሉ ሰው በአሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮአል።

የውኃው ጉድጓድስ የት ነበር? ለብዙ ዓመታት ለከተማዪቱ ዋናው የውኃ ምንጭ በሰሜን ምዕራብ በኩል በሳቢያን የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ውኃው በሞተር ተስቦ፥ ወደ ማጠራቀሚያ ወጥቶ፥ በቧንቧ ይታደላል። ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ መቆፈራቸው በጊዜው ጥሩ ጥንቃቄ ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ጥንቃቄውን አፈረሱት። አንደኛ፥ የከርሰ ምድሩ ውኃ የሚሄደው ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለ ሆነ ሜዳው የሚቀበለው በከተማዪቱ ሥር ያለፈውን ውኃ ጭምር ነው። ሁለተኛ፥ ሳቢያን ራሱ ሰፊ መኖሪያ ሠፈር ሆነ፤ ከተማው ሄዶ የውኃ ጉድጓዶቹን ከበባቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ፍልስጥኤማውያን የአብርሃም አገልጋዮች የቆፈሩአቸውን ጉድጓዶች በቅንዓት አፈር ሞልተው እንደ ደፈኑአቸው ይነበባል፤ እዚህ ግን ቅንዓትም ጠላትም የለም፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ አጠገብ ቤት ሠርቶ መኖሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው እንለፍ። ከሰው አካል የሚወጣው ፈሳሽና ዓይነ ምድር ብዙ ናይትሮጅን አለው። ይህ በመሬት ውስጥ በመጀመሪያ ወደ አሞኒያ፥ ቀጥሎም በአፈር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት በውኃ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ ነው፤ አፈርም ይዞ አያስቀረውም። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕሙም አይታወቅም። ውኃውን ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበረታል። ክሎሪንም ጀርምን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አይነካም። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ሊኖር የሚገባውን ከፍተኛ መጠን በሊትር 50 ሚሊ ግራም አድርጎ ወስኖአል፤ የአገራችንም ደረጃ ይህንኑ ይከተላል። በዚህ ነገር ላይ የድሮ ጽሑፎችን የሚያነብ ተማሪ እንዳይሳሳት አንድ ማስታወሻ እንጨምራለን። በአሜሪካ የሚጠቀሙበት ልክ 10 ሚሊ ግራም ተብሎ ስለሚጻፍ ከእኛው አምስት እጥፍ የጠበቀ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ እነርሱ የሚቈጥሩት ናይትሮጅኑን ብቻ ነው፤ ወደ ናይትሬት ሲመለስ 45 ያህል ይሆናል።

በዚህ ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሕፃን ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ሐንተር ኮምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአዮዋ ገጠር ሰውነታቸው ሰማያዊ እየሆነ የታመሙ ሕፃናትን መርምሮ ምክንያቱን ከቤታቸው የውኃ ጉድጓድ አገኘው። የተሰጣቸው ወተት በዚያ ውኃ የተበጠበጠ ነበር። በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። የእናት ጡት የሚጠባ ልጅ ግን በእጅጉ ይጠበቃል፤ እናቲቱ የጠጣችው ናይትሬት ወደ ወተትዋ የሚያልፈው ጥቂት ነውና። የድሬዳዋ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡ መሆናቸው ብዙ ሕፃናትን ሳይታወቅ አድኖአል ብለን እናምናለን። የቆርቆሮ ወተት በቧንቧ ውኃ በጥብጦ መስጠት እንደ ሥልጣኔ በሚቈጠርበት ቤት ግን ይህ መከላከያ የለም።

የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ መበከል የሊቃውንት ምርመራ ከሆነ ብዙ ጊዜው ነው። ታዬ ዓለማየሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፉ ይህንኑ ጉዳይ ዋና ርእሱ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ በተከታታይ በተደረጉት ምርመራዎች በከተማዪቱ ሥር ያለው ውኃ በብዙ ቦታ ከ50 ሚሊ ግራም ወሰን ያለፈ፥ በአንዳንድ ጉድጓድም ከ100 የሚበልጥ ናይትሬት እንዳለበት ታውቆአል። ከተማ በሌለበት በደቡቡ ኮረብታ በኩል ያለው ውኃ ግን ዝቅተኛ ነው። ይህ ልዩነት ራሱ ምስክር ነው፤ ዓለቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ውኃው የሚለወጠው ሰው ከሠፈረበት ቦታ ጀምሮ ነውና። በ2010 በአውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ ከተማ ጥላሁንና ጀርመናዊው ብሮደር መርክል፥ ድራስቲክ በተባለው ዘዴ የአካባቢው ከርሰ ምድር ውኃ ለብክለት ያለውን መጋለጥ መርምረው አሳትመዋል። ይህ ዘዴ የውኃውን ጥልቀት፥ የሚሰርገውን ዝናብ፥ የዓለቱን ዓይነት፥ አፈሩን፥ የመሬቱን ተዳፋት፥ በውኃውና በመሬቱ ገጽ መካከል ያለውን ንጣፍና የውኃውን የመተላለፍ ፍጥነት፥ በጠቅላላው ሰባት ነገሮችን ይመዝናል። ልብ ማለት የሚገባው ከሰባቱ አንዱም የሰውን ብዛት አለመቊጠሩ ነው። ስለዚህ ዘዴው የሚነግረን በር የቱ ጋ እንደ ተከፈተ ነው፤ በበሩ ምን ያህል እንደ ገባ ለማወቅ ሌላ ሒሳብ ያስፈልጋል።

እኛም ያንን ሒሳብ በግምት እንሞክረው። አንድ ሰው በዓመት ከአካሉ የሚያወጣው ናይትሮጅን 4 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ለ1999ኙ ሕዝብ ብናባዛው 930,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል፤ ወደ ናይትሬት ሲለወጥም ከ4 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ዘጠኝ እጁ በጉድጓዱ ቀርቶ፥ በመኪና ተመጦ ወይም ወደ አየር ተመልሶ፥ አንድ አሥረኛው ብቻ ወደ ውኃው ይወርዳል እንበል፤ 400,000 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ይህንን እስከ ተፈቀደው ወሰን ለማቅጠን በየዓመቱ 8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል። ከዝናቡም አንድ አሥረኛው ወደ ውስጥ ይሰርጋል ብንል፥ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት በዓመት 60,000 ሜትር ኩብ ይሰጣል። እንግዲህ የከተማዪቱን ናይትሬት ለማቅጠን የ130 ካሬ ኪሎ ሜትር ዝናብ መፈለጉ ነው። ቤት የቆመበት ምድር ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ድሬዳዋን እስከ ዛሬ የደገፋት ከደጋው የሚወርደው ንጹሕ ውኃ ከከተማው ውኃ ጋር መቀላቀሉ ነው። ሒሳባችን ሸካራ መሆኑን እናውቃለን፤ የነገሩን ልክ ለማሳየት ግን ይበቃል።

ሕዝቡስ ስለ ውኃው ምን ይላል? የድሬዳዋን ውኃ የሚያማው ሰው ሁሉ የሚያማው በሌላ ነገር ነው፤ በኖራው። ከኖራ ድንጋይ የመጣ ውኃ ስለ ሆነ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ሳሙና ቶሎ አያረፋም፤ በማንቈርቈሪያና በሻይ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ይህንን ነጭ ነገር እያየ «ይኸው በሆዳችንም እንዲህ ይጋገራል» የማይል የለም። በድሮው የእንፋሎት ባቡር ዘመን እንዲህ ያለ ውኃ ለቦይለር ጠላት ነበር፤ ለጠጪው ግን ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም። እንግዲህ የሚታየውና የሚፈራው ነገር ጉዳቱ ጥቂት ሆኖ፥ የማይታየው ሳይፈራ ቀረ። ብዙ ቤተ ሰብ ውኃውን አፍልቶ፥ አስረግቶ፥ ነጩን አጥልሎ ሲጠጣ የተጠነቀቀ ይመስለዋል።

ከዚህ ጋር በታሪክ የሚነጻጸር ነገር ስንፈልግ የሎንዶኑን እናገኛለን። በ1846 ዓ.ም. መጨረሻ በሶሆ ሠፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ ዶክተር ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት ቈጥሮ በሽታውን ከብሮድ ስትሪት የውኃ ጉድጓድ ጋር አያያዘው። የዚያ ጉድጓድ ብክለትም የመጣው ከአጠገቡ ከነበረ የቤት መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ሎንዶን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታላቁን የፍሳሽ መሥመር ዘረጋች። ለዚህ ያስገደዳት የሞቱ ፍጥነትና የቴምዝ ወንዝ ግማት ነበር። ናይትሬት ግን ማንንም በአንድ ሳምንት አይገድልም፥ አይሸትም። እንዲህ ያለ ነገር የመንግሥት በጀት አያስለቅቅም።

በአገራችን ደግሞ የወንጂ ነገር አለ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት በጀመረበት በዚያ እርሻ ለሠራተኛው መንደር ውኃ የተቀዳው ከስምጥ ሸለቆው ጉድጓድ ነው፤ ያ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ወሰኑ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሆኖ ሳለ በአንዳንድ ጉድጓድ ከዚያ ብዙ እጥፍ ተገኘ። ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ለብዙ ዓመት የጠጡት ሰዎች አከርካሪያቸው ደርቆ ጎበጡ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚህ ላይ ያደረጉት ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። ሁለቱን ስናስተያይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የወንጂውን መርዝ ያስቀመጠው እሳተ ገሞራ ነው፤ ሰው ያደረገው በላዩ መስፈር ብቻ ነው። የድሬዳዋው ግን ከሰው ጋር መጥቶ ከሰው ጋር አደገ። ከሰው የመጣ ስለ ሆነ ማቆም ይቻል ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል የአካባቢ ብክለት ቊጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቶአል። አዋጁ በካይን ይከለክላል፥ የበከለውንም እንዲያጸዳ ያዝዛል። በአንድ ፋብሪካ ላይ ይህ ሊሠራ ይችላል፤ ፋብሪካ አጥርና ሥራ አስኪያጅ አለው። የድሬዳዋ በካይ ግን ከአርባ ሺህ በላይ ቤት ነው። እያንዳንዱም ቤት የተበከለው ውኃ ጠጪ ነው። ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ሰው የሆነበትን ጉዳይ የትኛው ፍርድ ቤት ይዳኘዋል?

ደቻቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ደረቅ በሆነባቸው ወራት ቆሻሻ ይጣልበታል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይጠርገዋል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፥ ብዙ ሺህ ሰውም ቤት አሳጣ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠራ። ከሰው ሕይወት አንጻር ይህ የግድ ነበር። ነገር ግን ጎርፉ ያን ያህል የሚያስፈራውን አሸዋ ውኃውን የሚያሰርገውም እርሱ ነው፤ ከተማዪቱ በአንዱ ወንዝ ስትሞትም ስትጠጣም ኖራለች።

ስለ መፍትሔው የሚነገረው ሦስት ነው። ናይትሬቱን ከውኃው ለማውጣት የሚያገለግለው መሣሪያ ውድ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይበላል፤ የወጣውን ጨዋማ ፍሳሽ የሚጥሉበት ቦታም ያስፈልገዋል። የፍሳሽ መሥመር መዘርጋት እውነተኛው ሥራ ነው፤ ግን በአሮጌ ጠባብ ሠፈር ውስጥ መንገድ ቆፍሮ እያንዳንዱን ቤት ማገናኘት የብዙ ዓመት ወጪ ነው። የቀረው ርቆ መቆፈር ነው፤ ከተማዎች ሁሉ በመጀመሪያ የሚመርጡትም ይህንን ነው፤ የሐረርም ነገር ይህንኑ ያሳያል። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረር የምትጠጣው ከድሬዳዋ ሜዳ፥ ከድሬ ጃራ በኩል ተስቦ ዳገቱን ሁሉ በፓምፕ የሚወጣ ውኃ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ያልደፈረውን ዳገት ዛሬ ውኃው ይወጣዋል። ይህም ማለት ያው አንዱ ሜዳ ሁለት ከተሞችን ያጠጣል ማለት ነው።

ርቆ መቆፈር የሚሠራው ከተማው ተከትሎ እስከማይደርስ ድረስ ነው፤ ሳቢያን እንዴት እንደ ተከበበ አይተናል። የአዲሶቹ ጉድጓዶች ዙሪያ ከአሁኑ ተከልሎ ቤት እንዳይሠራበት ካልተደረገ፥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ይህንኑ ጽሑፍ የቦታውን ስም ብቻ ለውጦ መጻፍ ይችላል። በዚያ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ዛሬ በከዚራና በመጋላ ያለው መጸዳጃ ሁሉ ቢደፈን እንኳ ከዚህ በፊት ወደ ታች የወረደው ናይትሬት በአሸዋውና በዓለቱ ውስጥ ጉዞውን ይቀጥላል፤ አያቶቻችን በቆፈሩት ጉድጓድ የገባው ገና በመንገድ ላይ ያለ ነው።